የጣውንቴ ካርብራቶር

ዊኒ ትዌይት ጣውንት ነበረባት። ኧረ ቀልድ አይደለም፤ ራሷ ናት እንዲህ ብላ የምትጠራት። ጣውንቷ ሁለት ጎማና አንድ ደረቅ መቀመጫ ያላት፣ ታንከሯ አረንጓዴ የሆነ አሮጌ የዳገት ሞተር ሳይክል ነበረች፤ የምትኖረውም ሳሎን ውስጥ፣ ከምድጃው ፊት ለፊት፣ የዊኒ ወንበር ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ ነው። ቤንዚኑን ከአየር የሚያቀላቅለው ካርብራቶሯ ስለሚያንጠባጥብ ከሥሯ ጋዜጣ ይነጠፍላታል። በዚሁ ምክንያት ያ ምድጃ እሳት ካየ ዘመን ቆጥሯል። ዊኒ ኩሽና ትቀመጣለች። ባሏ ሆራስ እራቱን ይበላል፣ አፉን ይጠርጋል፣ ሳሎን ገብቶ ከጣውንቷ ጋር ያመሻል።

በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር ሸለቆዎች ይሄ ጉድ የሚባል ነገር አይደለም። ጎረቤታቸው ኖርማን የገላ መታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ካምቢዮ ዘፍዝፎ ሚስቱ እህቷ ቤት እየሄደች ነው የምትታጠበው። የሰበካው ቄስ እንኳ ትርፍ ጎማቸውን ክርስትና ማንሻው ገንዳ ሥር ነው የሚያስቀምጡት ይባላል። ያየ ግን የለም።

"እሺ፣ መቼ ነው የምትወጣልኝ?" ትለዋለች ዊኒ።

"ሃግ ጊልን የወጣች ቀን" ይላታል ሆራስ። "ያን ዳገት ጫፉ ድረስ ትውጣ፣ በዚያው ቀን ጓሮ ወዳለው መጋዘን አወጣታለሁ። ሳይሳካላት ብርድ ውስጥ ብጥላት ሞራሏ ይነካል።"

"የኔስ ሞራል?"

"አንቺማ ጠንካራ ነሽ።"

ሃግ ጊል ማለት ጅረት የሚወርድበት፣ ድንጋዩ ሁሉ ሽበት ያበቀለ የሚመስል አረንጓዴ ዳገት ነው። ብርዱ ሲያልፍ የአሮጌ ሞተር ሳይክሎች ክበብ አባላት በጅረቱ ውስጥ ሽቅብ ይወጡታል። ሌላው ሁሉ ይወጣል። የሆራስ ሞተር ግን ከመሃል ያለው ትልቁ ቋጥኝ ጋ ሲደርስ ይስላል፣ ያስነጥሳል፣ ይሞታል። ሆራስ በየዓመቱ ሞተሩን እየገፋ ይመለሳል፤ ሞተሩም ሳሎን ይመለሳል፤ ዊኒም ኩሽናዋ። እንግዲህ የዊኒ ምኞት ይኸው ነው። ያቺ ጣውንት አንድ ቀን ዳገቱን ወጥታ፣ ሳሎኑን ለቃ፣ ባሏን ማታ ማታ ከጎኗ እንድትተውላት ብቻ ነበር የምትፈልገው። አርጅተዋል፤ ማታው ደግሞ ብዙ አልቀረም።

የሆራስ ችግር ምርጫ ላይ ነው። በብስኩት ቆርቆሮዎች የተሞላ የካርብራቶር ሀብት አለው። ብርድ በገባ ቁጥር ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ያሰልፋቸዋል፤ አንዱን አንስቶ ጉሮሮውን በመብራት ያያል፣ በጆሮው አጠገብ ይነቀንቃል፣ አንዳንዴም ይልሰዋል። ከዚያ ሁልጊዜ፣ ሳያጓድል፣ ጉሮሮው ሰፊውን ይመርጣል። ሰፊ ጉሮሮ ለሜዳ ግልቢያ ነው። ዳገት ላይ በሰው እርምጃ ስትሄድ በሰፊ ጉሮሮ የሚገባው አየር ይንቀረፈፋል፤ የተንቀረፈፈ አየር ደግሞ ቤንዚን አይስብም። ይሄን ሆራስ አጥቶት አይደለም። ለሰው ሁሉ ይመክራል። ለራሱ ሲሆን ግን እጁ ወደ ሰፊው ይሄዳል፤ ምን ታደርገዋለህ!

አንድ ቀን ዊኒ ከገበያ ስትመለስ የማርማላታ ድስቷ እሳት ላይ ተጥዶ፣ ሎሚ የተጨመረበት ውሃ እየፈላ፣ ከውስጡ ካርብራቶር ብቅ ጥልቅ ይላል።

"ሆራስ!"

"ሎሚ ነው እንጂ ሌላ ነገር አልነካሁም" አለ ሆራስ ማንኪያ ይዞ። "ዝገቱን ያወጣዋል። ባለፈውም በዚሁ ድስት ነው የቀቀልኩት።"

ዊኒ ቦርሳዋን ይዛ ቀጥ አለች። ለካስ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች "ማርማላታሽ ዘንድሮ ልዩ ጣዕም አለው፣ ምን ጨምረሽበት ነው?" እያሉ ሲጠይቋት የከረሙት ወደው አይደለም። የአንደኛነት ሪባን ሁሉ ሰጥተዋታል።

"ስማ" አለችው ወንበር ስባ። "ምን እንደምትገጥምበት እኔ እነግርሃለሁ። ጠባቡን።"

"ጠባቡ ለሣር ማጨጃ መኪና ነው!"

"አንተ ምን ስትሠራ ኖረሃል እሷ ላይ? አንድ ቀን ከሣር ማጨጃ ፈጥናለች? ደግሞ አሮጌ አልልህም። አዲስ። የጃፓን።"

ሆራስ ተነስቶ የኩሽናውን መስኮት ዘጋ። ቀጥሎ መጋረጃውን ሳበ። "ጃፓን?" አለ በሹክሹክታ። "እዚህ ቤት? ክበቡ አዲስ ዕቃ እንደማይፈቅድ እያወቅሽ! መርማሪው ክላፋም ቢሰማ በአደባባይ ያዋርደኛል።"

በሩ ተንኳኳና ኖርማን ገባ፤ ጫማውን ጠራረገ፣ ሻይ ተቀዳለት፣ የተዘጋውን መጋረጃ አይቶ እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ምን ተፈጠረ?"

"ካርብራቶር የጃፓን ግጠም ብዬው ነው" አለች ዊኒ።

ኖርማን ስኒውን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ። "የኔ ውስጥ አለ" አለ።

"ምን አለ?" አለ ሆራስ።

"ጃፓኑ። የአሮጌውን ሆድ ቦርቡሬ ከውስጥ ቀበርኩት። ከውጭ አሮጌው ነው የሚታየው። አትፍረድብኝ፣ ሆራስ።"

"ሌላ ማን አለው?"

"የሌለውን ብትጠይቀኝ ይቀለኛል።" ኖርማን ጣራውን እያየ ትንሽ አሰበ። "አንተ።"

ሆራስ በጣቱ ቆጠረ። በክበቡ ውስጥ እውነተኛ አሮጌ ካርብራቶር ያለው እሱ ብቻ፣ ዳገቱን የማይወጣውም እሱ ብቻ። ወይ ነዶ! "ቄሱስ?" ብሎ ጠየቀ በመጨረሻ።

"ቄሱማ ሁለት ነው ያላቸው" አለ ኖርማን።

ጃፓኑ በፖስታ መጣ። ሥራው የተሠራው ኩሽና ውስጥ ነው፤ ሳሎኑ ብርሃን ስለሌለው። ሆራስ ከአሮጌዎቹ አንዱን መርጦ ይቅርታ ጠየቀውና ሆዱን በሞረድ መቦርቦር ጀመረ። ዊኒ መብራት ትይዛለች። ትንሽ ሞርዶ ይለካል፣ አልገባም፤ ትንሽ ሞርዶ ይለካል፣ አልገባም። ሞተሩ ሲግል ቤንዚኑ እንዳይፈላ በካርብራቶሩና በሞተሩ መሃል የሚገባ ወፍራም ጓርኒሲዮን ያስፈልግ ነበር፤ ዊኒ ከድሮ የቆዳ ቦርሳዋ ቆርጣ ሰጠችው። የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ የሚቆምበትን ከፍታ ሆራስ ያለ መነጽር ማየት አቅቶት፣ እሷ ጎንበስ ብላ "ዝቅ፣ ዝቅ፣ በቃ!" አለችው።

"በቃ?"

"በቃ አልኩህ እኮ። ጆሮህም ዛገ እንዴ?"

ሁለቱም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሰሞን ዊኒ ደስ ብሏት ነበር። ባሏ ሲያጉረመርም እሷ ላይ ነው፣ ሲመርቅም እሷን ነው። ለጣውንቷ ስትል እየሠራች መሆኗን ረሳችው።

ተገጥሞ ሲያልቅ ሞተሩ በአንድ ምት ተነሳ። ቱፍ ቱፍ አለ እንደ ልብ። ሆራስ ግን አልተደሰተም። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ያለውን ጋዜጣ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። ማንበብ ይቻላል። "አያንጠባጥብም" አለ፤ ሰው የሞተበት ይመስል ነበር። ብዙ ሳይቆይ የሚሠራው ነገር አጥቶ የዊኒን የሻይ ማንቆርቆሪያ አፍ በሽቦ መጎርጎር ጀመረ። ወጡንም ቀምሶ "ቤንዚኑ በዝቷል" አላት።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ዊኒ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አብራው ሄደች። ጣውንቷ ከቤት ስትወጣ በዓይኗ ማየት አለባታ! ጠዋት ሆራስ ቁርሱን ሲበላ ታንከሩን የሞላችው እሷ ናት።

ክላፋም ዳገቱ ግርጌ ላይ ባርኔጣውን ደፍቶ ቆሟል። ሲሪል ክላፋም የክበቡ መርማሪ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አይብ ፋብሪካ ውስጥ አይብ እያሸተተ ደረጃ ሲያወጣ የኖረ ሰው። ሞተር ሳይክል አይፈታም፣ ካቻቢቴ አይዝም። የሚያሸተው ጣት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አሮጌ ካርብራቶር ቀዝቅዞ ሲነሳ አናቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ቤንዚን ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ በጣት መጫን ግድ ነው። ስለዚህ የአሮጌ ካርብራቶር ጌታ ጣቱ ቤንዚን ይሸታል። አዲሱ ይሄን አይፈልግም። ክላፋም እንግዲህ የእያንዳንዱን ጋላቢ ቀኝ ሌባ ጣት ይቀበላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይስባል። "ቤንዚን! ይለፍ!"

የክበቡ ሰዎች ከአንድ ቁጥቋጦ ጀርባ ተሰልፈዋል። እየቆረቡ ነው ብትል ያምርባቸዋል፤ አንገታቸውን ደፍተው ተራ ይጠብቃሉ። ኖርማን ትንሽ የጆሮ መድኃኒት ብልቃጥ ይዟል፤ በውስጡ ቤንዚን አለ፤ እያንዳንዱ ጣቱን ነክሮ ይሄዳል። ቄሱም ነከሩ፤ ካህን ናቸውና አማተቡበት።

"ና፣ ሆራስ፣ ንከር" አለው ኖርማን።

"አልነክርም።"

"ምን ማለት ነው አልነክርም?"

"ካርብራቶር ማስመሰል የእጅ ሥራ ነው፤ ላቤ አለበት" አለ ሆራስ አገጩን ቀና አድርጎ። "ጣት ማስመሰል ግን ውሸት ነው። ውሸት ደግሞ እኔ ቤት የለም።"

ዊኒ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። "ሆራስ፣ ስለ እግዜር ብለህ ንከር! ትንሽ ብቻ!"

"አይሆንም፣ ዊኒ።"

ሄዶ ጣቱን ሰጠ። ክላፋም ዓይኑን ጨፈነ፣ ሳበ፣ ደግሞ ሳበ። ፊቱ ላይ ሐዘን ወረደ። "ሳሙና" አለ። "ሚስተር ትዌይት፣ ከእርስዎ አልጠበቅሁም ነበር። ሳሙና! እና ትንሽ የእንቁላል ጥብስ። ወደ ዳር ይውጡ።"

ቁጥቋጦው አጠገብ ያሉት ሁሉ፣ ጣታቸው ላይ የኖርማን ቤንዚን ገና ሳይደርቅ፣ "እንዴት ያሳዝናል" እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሄኔ የዊኒ ትዕግሥት አለቀ። ያ ሁሉ የብርድ ወራት፣ ድስቷ፣ የቆዳ ቦርሳዋ፣ ሁሉም ለአንድ አፍንጫ! ክላፋም ፊት ሄዳ "አፍንጫህን ከባሌ ላይ አንሳ!" ብላ ፊቱን በመዳፏ ገፋችው።

ክላፋም አልተቆጣም። መዳፏ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳበ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ቤንዚን" አለ። "ንጹሕ፣ የቆየ፣ እውነተኛ ቤንዚን! ወይዘሮ ትዌይት፣ እርስዎ ነዎት ለካ ጋላቢዋ!"

"እኔ? እኔማ ታንከር ነው የሞላሁት።"

"የክበቡ ሕግ ግልጽ ነው። ጣቱ የሸተተ ይጋልባል። ይለፍ!"

ዊኒ ሞተሩን አየችው። ልጅ ሆና በአባቷ ሞተር ሳይክል ወተት ታደርስ ነበር፤ ፍሪሲዮንና ማርሽ አልረሳችም። ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችበት። ሆራስ ፈንጠዝያ በፈንጠዝያ ሆኖ የራሱን የግልቢያ መነጽር ዓይኗ ላይ አሰረላት፣ ኮቷን ቆለፈላት፣ ጆሮዋ ጋ ጠጋ አለ።

"ስለ ሳሎኑ አታስቢ፣ ዊኒዬ" አላት። "ቃሌ ቃል ነው። መጋዘኑን አዘጋጅቼዋለሁ። ማሞቂያ አስገባሁ፣ ሻይ ማፍያ አስገባሁ፣ ወንበሬንም ወሰድኩ። ትንሽ አልጋም አለች። ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንቺን የሚረብሽሽ ሰው የለም፤ እዚያው ከሷ ጋር ነኝ።"

"ምን አልክ?"

"ሂጂ!" አለና ከኋላ ገፋት።

ሄደች። እንደው ሌላ ምን ታድርግ! ጅረቱ ፊቷ ላይ ይረጫል፣ ጎማው ድንጋይ ለድንጋይ ይዘላል፣ የጃፓኑ ጠባብ ጉሮሮ ደግሞ የተጠየቀውን ሁሉ ይሰጣል። ሆራስ በዳር በዳር እየሮጠ ይጮኻል፤ "ቤንዚን ስጫት! አትፍሪ! በሰውነትሽ ወደፊት!" ትልቁን ቋጥኝ እንደ ደረጃ ረግጣ አለፈችው። ከታች ሰው ሁሉ ጮኸ። ዊኒ ግን የምታየው መጋዘኑን ነበር፤ ማሞቂያውን፣ ያቺን ትንሽ አልጋ። እኔ ሳሎን፣ እሱ መጋዘን። እስካሁን በመሃላችን አንድ በር ነበር፣ ከእንግዲህ ጓሮ ሙሉ ሊሆን ነው። ይሄን ነው የለፋሁበት? እጇን ሰዳ የቤንዚኑን መዝጊያ ጠረቀመችው። ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ አንቺ ጣውንት! ሙቺልኝ!

አልሞተችም። አሮጌው ካርብራቶር ቢሆን ኖሮ እዚያው ያስነጥስ ነበር። ይሄኛው ግን ሆዱ ውስጥ የቀረችውን ቤንዚን ጠብታ በጠብታ እየቆጠበ፣ ባሏ በሞረደው፣ ራሷ "በቃ!" ባለችው ልክ፣ ቱፍ ቱፍ እያለ ወሰዳት። ዊኒ ቤንዚን መስጫውን ለቀቀች፤ ሄደ። ፍሬን ያዘች፤ ፍሬኑ በጅረቱ ርሶ አልያዘም። "ቁሚ! ኧረ ቁሚ!" እያለች ዳገቱን ጫፉ ድረስ ወጣች፤ የማብቂያውን ነጭ መስመር አልፋም ነው ሞተሩ ረክቶ ዝም ያለው።

የክበቡ ሰዎች እያለከለኩ ደረሱ። እግሯ መሬት ሳይነካ ነው የወጣችው፤ ከሷ የሚበልጥ ንጹሕ አወጣጥ ታይቶ አያውቅም። ክላፋም ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ።

"አልቀበልም" አለች ዊኒ ከሞተሩ ላይ ወርዳ፤ ልያዘውም ሳትል ለቀቀችው። ሞተሩ በጎኑ ጭቃው ላይ ተዘረጋ። "አጭበርብሬያለሁ። ውስጡ ጃፓን አለ!"

ቄሱ ሰማዩን ማየት ጀመሩ።

"ሰምታችኋል? ጃፓን! ፍቱትና እዩት!"

"አልሰማሁም" አለ ኖርማን ቶሎ ብሎ። "አንተ ሰማህ? እኔ ምንም አልሰማሁም።"

"ነፋስ ነው" አለ ሌላው።

"ሚስተር ክላፋም፣ የሷን ከፈቱ እኮ የሁሉንም መፍታት ነው" አሉ ቄሱ በለስላሳ ድምፅ። ክላፋም ሁሉንም በየተራ አያቸው። ጣቶቻቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተዋል። ምስኪን፣ ያኔ ገባው መሰለኝ፤ ፊቱ ልክ እንደ አይብ ነጣ። ባርኔጣውን ጆሮው ድረስ ደፍቶ "ወይዘሮ ትዌይት፣ እባክዎን ይውሰዱት" ብሎ ለመናት። ዋንጫውን እሷ ትመልሳለች፣ እሱ ይሰጣል፤ ትመልሳለች፣ ይሰጣል። መሸነፍ ተከለከለች፤ እዚያ አገር መሸነፍ ለፈለገ ሰው ይሄን ያህል ይከብዳል።

ሆራስ ገና አሁን እየተንፏቀቀ ሲደርስ ዊኒ እያለቀሰች ነበር። "ዊኒዬ! ሳሎንሽን አገኘሽ እኮ! ምን ያስለቅስሻል?"

"ሳሎኑ ይንደድ!" አለች ዊኒ። "ሳሎኑን ማን ፈለገው? አንተን ነው የፈለግሁት፣ አንተ ደንቆሮ! ያን ሁሉ ዘመን ካንዲት ብረት ጋር ስታመሽ በበሩ ቀዳዳ አይህ ነበር። ከኔ ጋር እንድትቀመጥ ነው የፈለግሁት። በቃ፣ ሌላ አይደለም!"

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሸለቆ በቀን ብርሃን፣ ሰው ፊት፣ ተብሎ አያውቅም። ወንዶቹ ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አንዱ ሳል መጣበት። ክላፋም ዋንጫውን ሣሩ ላይ በቀስታ አስቀምጦ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ስለ አየሩ ሁኔታ ጮክ ብለው እያወሩ።

ሆራስ ብቻውን ቆመ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

"እንዴት ልንገርህ? ስትወጣ ነው፣ ስትገባ ነው፣ እሷን ነው የምታየው።"

"እኔ ደግሞ ኩሽናሽ እንዳይጨናነቅብሽ ብዬ ነው ሳሎን የምቀመጠው።" መሬት መሬት አየ። "ከምር ነው፣ ዊኒ። የምትደሰቺ መስሎኝ ነበር።"

ዊኒ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ሆራስ ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት፣ ከኪሱ ፔርሙዝ አወጣ፣ ክዳኑ ላይ ሻይ ቀዳና ሰጣት። ከዚያ አጠገቧ፣ ትከሻዋን ተጠግቶ፣ ተቀመጠ። ከኋላቸው ሞተር ሳይክሉ እንደተጋደመ የታንከሩ ክዳን ለቆ ቤንዚኑ ይፈሳል፤ ድምፁ ይሰማል።

"ቤንዚኑ እየፈሰሰ ነው" አለችው ዊኒ።

"ሰምቻለሁ" አለ ሆራስ፤ አልተነሳም።